የጓሮ አፈርን በተፈጥሮ ማዳበሪያ ማሻሻል፤ ከተጂ መረሬ እስከ ሱሉልታ ተዳፋት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ሰበታን አልፎ ወደ በቾ ሜዳ የሚወርድ መንገደኛ ክረምቱ ሲወጣ ዓይኑ የሚያርፈው በጤፍ፣ በሽምብራና በጓያ ማሳ ላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን የኢሉ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ተጂ የምትገኘው በዚሁ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ አካባቢው ጥቁር መረሬ አፈር በስፋት የሚገኝበት ነው። ይኸው ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ አፈር ግን ወደ መኖሪያ ቤት ጓሮ ሲመጣ ባለቤቱን ያስቸግራል። በነሐሴ ወር ጎመኑ ውሃ በቋጠረ መደብ ላይ ቆሞ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ በጥር ወር ደግሞ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየፈጠረ የተክሉን ሥር ይበጥሳል።

ከተጂ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች፣ በተለይም በእንጦጦና በአካባቢው ተራሮች ተዳፋት ላይ ባሉ መንደሮች፣ የጓሮ አፈር ቀይ ወይም ቡናማ ነው። ዝናብ አይቋጥርም፤ በበጋም እንደ መረሬው አይሰነጠቅም። ችግሩ ከዓይን የተሰወረ ነው። ለረጅም ዘመን የወረደው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ስለወሰዳቸው አፈሩ አሲዳማ ሆኗል።

በአንድ የመኪና ጉዞ ሊዳረሱ በሚችሉ ከተሞች መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለከተማ ግብርና ባለሙያዎችና ለአመራሮች ቀላል ጉዳይ አይደለም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በየከተማው ያለውን የጓሮ ልማት ሥራ አነቃቅቷል። ይሁን እንጂ ለሁሉም ጓሮ አንድ ዓይነት ምክር ሲሰጥ ይስተዋላል። "አመድ ጨምሩበት" የሚለው ምክር ለቡራዩ ተዳፋት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ለተጂ መረሬ ግን ጥቅም የለውም፤ አንዳንዴም ይጎዳል።

ምክንያቱ ከአፈሩ ጠባይ ይመነጫል። መረሬ አፈር ቢያንስ 30 በመቶው ሸክላ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከዚህ በእጅጉ የሚበልጥበት ቦታ ብዙ ነው። ሸክላው ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ዓይነት ነው። ሲያብጥ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ የተክል ሥር መተንፈስ ያቅተዋል። በጭቃ ውስጥ አየር ሲጠፋም ናይትሮጅን ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይባክናል። የጎመኑ ቅጠል ቢጫ የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው። ጎረቤት እንደሚገምተው በሽታ ላይሆን ይችላል። የመረሬ አፈር የአሲድ መለኪያ ቁጥር፣ ማለትም ፒኤች፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ገለልተኛው 7 የተጠጋ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ነው። አመድም ሆነ ኖራ ይህንን ቁጥር ይበልጥ ከፍ ስለሚያደርጉ ብረትና ዚንክ ለተክሉ እንዳይደርሱ ያግዳሉ።

በአሲዳማው ቀይ አፈር ውስጥ የሚሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈሩ ውሃ ውስጥ እየሟሟ የተክሉን ሥር ጫፍ ያቆረቁዛል። ፎስፈረስም በአፈሩ ውስጥ እያለ በአሉሚኒየምና በብረት ተይዞ ይቀራል። በዚህ አፈር ላይ ማዳበሪያ የገዛ ነዋሪ ገንዘቡን መሬት ውስጥ ቀበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ የጓሮ ብቻም አይደለም፤ በሀገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በተለያየ ደረጃ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ ይታወቃል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ረገድ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር ጓሮው ምን ዓይነት አፈር እንዳለው ማወቅ ነው። በቤተ ሙከራ ማስመርመር የተሻለው መንገድ ቢሆንም፣ በቤት ውስጥ ሊደረጉ የሚችሉ ቀላል ፍተሻዎች አሉ። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላትና ማግሥቱን ማየት አንዱ ነው። ውሃው ከአንድ ቀን በኋላም ካልሰረገ ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት ማንጣፈፍ ይቀድማል። በደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲደረግ አረፋ ከተነሳ አፈሩ ውስጥ ኖራ አለ ማለት ነው፤ ተጨማሪ ኖራ አያስፈልገውም። አረፋ አለመነሳቱ ግን ብቻውን አፈሩ አሲዳማ ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

በመረሬ ጓሮ ውስጥ ቀዳሚው ሥራ መደቡን ከፍ ማድረግ ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው በእጃቸው ሰፋፊ መደብና ቦይ እያወጡ መረሬውን ሲያለሙ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዓለም አቀፍና ሀገራዊ የምርምር ተቋማት በጋራ የጀመሩት የመረሬ አፈር ፕሮጀክትም በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሣሪያ ያዘጋጀው ከማረሻ ተነስቶ ነበር። የጓሮ ባለቤት በሬ አያስፈልገውም፤ አካፋና ዶማ ይበቃዋል። አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መደብ ከቦዩ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠራ የክረምቱ ውሃ በቦዩ በኩል ይወርዳል። ቦዩ የሚያልቅበት ቦታ ግን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል፤ ወደ ጎረቤት አጥር የተመራ ውሃ ብዙ የቀበሌ ክርክር አስነስቷል።

መረሬን ለማላላት አሸዋ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው። ጥቂት አሸዋ ከብዙ ሸክላ ጋር ሲቀላቀል የሚሆነው ለጡብ የተዘጋጀ ጭቃ ነው። የአፈሩን ጠባይ ለመለወጥ የሚያስፈልገው አሸዋ በጭነት መኪና የሚቆጠር ስለሆነ ለአንድ ቤተሰብ አያዋጣም። መረሬውን በእርግጥ የሚያላላው የበሰበሰ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። ብስባሹን የሚመገቡ ደቂቅ ሕዋሳት የሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገር የሸክላውን ቅንጣቶች ወደ ትናንሽ ጓሎች ያሰባስባቸዋል፤ በጓሎቹ መካከልም አየርና ውሃ መመላለሻ ያገኛሉ። ይህ በአንድ ክረምት የሚጠናቀቅ አይደለም። በየዓመቱ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ብስባሽ የሚያገኝ መደብ ለውጡ በግልጽ የሚታይበት ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ኮምፖስት በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ማዳበሪያ ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በጉራጌና በደቡብ ምዕራብ ሸዋ የእንሰት ልማት፣ ከብቶች የሚያድሩበት ስፍራ በየማለዳው ተጠርጎ ፍጉ ወደ ቤቱ ዙሪያ እንሰት ይወሰዳል። በዚህም የተነሳ ለቤቱ የቀረበው አፈር ከራቀው ማሳ ይልቅ የለማ ነው። ተረፈ ምርትን፣ ፍግንና አመድን እየደራረቡ ማብላላትን በጥናት ያደራጁት በሕንድ ኢንዶር ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የግብርና ተመራማሪ አልበርት ሃዋርድ ሲሆኑ፣ እሳቸውም ብዙውን ነገር የተማሩት ከዚያው ከሕንድ ገበሬዎች ነበር። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረውና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ግንባር ቀደም ድርሻ የነበራቸው የኮምፖስት ፕሮጀክት፣ በኮምፖስት የለማ ማሳ በኬሚካል ማዳበሪያ ከለማው የማይተናነስ ምርት ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። ሀገሪቱ የኬሚካል ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ እየገዛች የምታስገባ በመሆኗ የዚህ ውጤት ፋይዳ ከጓሮ አጥር ያልፋል።

የአሠራሩ ምሥጢር በደረቁና በእርጥቡ መካከል ያለው ሚዛን ነው። ገለባ፣ የደረቀ ቅጠልና ሰገራ የመሰለ የእንጨት ፍቅፋቂ ካርቦን ይሰጣሉ፤ ፍግ፣ አረንጓዴ አረም፣ የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ ናይትሮጅን ይሰጣሉ። አንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኝ ብልያው በጥሩ ሁኔታ ይካሄዳል። ልኬቱ ለነዋሪው የሚያስቸግር ከሆነ በመጠን ሁለት እጅ ደረቅ ለአንድ እጅ እርጥብ ብሎ መጀመርና እንደ ሁኔታው ማስተካከል ይቻላል። ክምሩ መጥፎ ሽታ ካመጣ ውሃው ወይም እርጥቡ በዝቷል፤ ደረቅ ቅጠል ጨምሮ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ጨርሶ ካልሞቀ ደግሞ ደርቋል ወይም ፍግ አንሶታል። ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ከፍታ የሌለው ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም።

ሙቀቱ የሚያስፈልገው ለፍጥነት ብቻ አይደለም። 55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ ለተከታታይ ቀናት የቆየ ክምር የአረም ዘርንና የሆድ ትል እንቁላልን በአብዛኛው ይገድላል። ያልበሰለ ፍግ በሰላጣ ወይም በካሮት መደብ ላይ የሚጨምር ሰው ሕፃናቱን ለበሽታ ያጋልጣል። ትኩስ ፍግ መጠቀም ግድ ከሆነ ከአጨዳው ቢያንስ አራት ወር በፊት አፈር ውስጥ መቀበር አለበት። አጥንት አቃጥሎና ወቅጦ መጠቀምም በአሲዳማ አፈር ላይ ፎስፈረስ ለመጨመር ይረዳል። ነገር ግን የአባ ሰንጋ በሽታ ባለበት ሀገር፣ በምን እንደሞተ ያልታወቀ እንስሳ አጥንት ወደ ጓሮ መግባት የለበትም።

አመድ ቦታውን ሲያገኝ ጥሩ ነው። በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ቀይ አፈር ላይ ንጹሕ የእንጨት አመድ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም በዓመት አንድ ጊዜ ቢበተን አሲዱን ይቀንሳል፤ ፖታሺየምም ይጨምራል። ከትኩስ ፍግ ወይም ከዩሪያ ጋር መቀላቀል ግን አይገባውም፤ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባርረዋል። አሲዳማነቱ ለበረታበት ቦታ ለግብርና የተፈጨ ኖራ ያስፈልጋል። የአሲዱ መጠን ተለክቶ በሄክታር 2 ቶን ከታዘዘ፣ ለጓሮው በካሬ ሜትር 200 ግራም ማለት ነው። ኖራው ከመዝራት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር በደንብ መቀላቀል አለበት።

የእነዚህ ሁሉ ማዳበሪያዎች ተቀናቃኝ ምድጃ ነው። በደጋው አካባቢ ፍግ ወደ ኩበትነት ተለውጦ ይነዳል ወይም ለገበያ ይቀርባል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይጠፋል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስና ፖታሺየም ነው። ሌላ ማገዶ የሌላትን እናት "ፍጉን ለአፈር ተዪ" ብሎ መምከር ፍትሐዊ አይሆንም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና ባዮጋዝ የአፈር ጉዳይ የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ባዮጋዝ ጋዙን ለማብሰያ ሰጥቶ ዝቃጩን ለጓሮ ያስቀራልና።

የከተሞቹ መስፋፋት ደግሞ ሌላ ፈተና አምጥቷል። በአዳዲስ መንደሮች ለም የሆነው የላይኛው አፈር በመሠረት ቁፋሮ ወቅት ተጠርጎ ይወሰዳል፤ በቦታው የሲሚንቶ ፍርስራሽ፣ ምስማርና ላስቲክ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጓሮ የቀይ አፈር ምክር አይሠራም፤ ሲሚንቶው ራሱ የኖራ ጠባይ አለው። ፍርስራሹን ለቅሞ ማውጣትና ከፍ ያለ መደብ በአዲስ አፈርና ብስባሽ መሙላት ይሻላል። በፋብሪካ ፍሳሽ በተበከለ ወንዝ የሚጠጣ ጓሮም ብስባሽ ብቻውን አያድነውም። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለሙ የአዲስ አበባ የአትክልት ማሳዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች በቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ከባድ ብረታ ብረቶች መገኘታቸውን አመልክተዋል። ብረታ ብረቶቹ አይበሰብሱም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ቀዳሚው ነገር የውሃውን ምንጭ መለወጥ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች ግቢ የሚታየው አሠራር እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባዋል። በየማለዳው የሚጠረገው ቅጠልና የሚታጨደው ሣር በግቢው ጥግ ተከምሮ ሲቃጠል ማየት የተለመደ ነው። ለዚህ መፍትሔ በጀትም ሆነ ደብዳቤ አያስፈልገውም፤ ከግቢው ሠራተኛ ጋር መስማማትና ጥላ ያለው ጥግ መምረጥ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስና ሌሎች ዕፅዋትን ስለሚጎዳ መጠኑ አነስተኛ ሆኖ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲብላላ ማድረግ ይገባል።

ክምሩን ለመጀመር አመቺው ወቅት መስከረምና ጥቅምት ነው፤ አረሙ ገና ለምለም ሆኖ ዘር ሳይጥል፣ ገለባውም ከአውድማ መምጣት ከመጀመሩ አስቀድሞ ቦታው ይዘጋጃል። በመሐሉ የተተከለ ረጅም ዱላ በየሳምንቱ እየተመዘዘ ይዳሰሳል። ዱላው ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ ትኩስና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል፤ ከቀዘቀዘ ይገላበጣል። በየሦስት ሳምንቱ እየተገላበጠ ውሃ ያልተጓደለበት ክምር ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጠቆር ብሎ የዝናብ አፈር ሽታ ሲያመጣ ለመደቡ ደርሷል ማለት ነው።