ሃይሉክሳችሁ ላይ ባሌስትራ ከማስጨመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሃይሉክስ ኤል ኤን 106 ገባችልኝ። ሞተሯ ጤነኛ፣ ቦዲዋ ንጹሕ፣ ሻንሲዋ ላይ አንድም ብየዳ የለም። እንዲህ ያለች አሁን በፋኖስ ተፈልጋም አትገኝም። ባለቤቷ እርሻ ያላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ወገቤን ጨረሰችው። ዝናብ ላይ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ኋላዋ ወደ ጎን ይሄድብኛል። አሞርዛተሩን ቀይርልኝና ልሂድ» አሉኝ።

ስር ገባሁ። የኋላው ባሌስትራ ላይ ከሌላ መኪና የተቆረጡ ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች ተጨምረዋል። ይህ አላስደነገጠኝም፤ በየሳምንቱ የማየው ነው። ያስደነገጠኝ የኋላ ፍሬን ቫልቩ ነው። ክንዱ ወደ ላይ ተስቦ በአጥር ሽቦ ታስሯል። በአጥር ሽቦ!

«ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራልዎት?»
«ባለሙያ ነው እንጂ! የታወቀ ነው።»

ስለዚህ ምሳዬን ትቼ ይህን እጽፋለሁ። አሮጌ ፒካፕ ያላችሁ በሙሉ አንብቡ፤ ቲክቶክ ላይ «ሃይሉክስህን እንደ ቪ8 እናለስልሳለን» የሚሉትን የምትከተሉ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቡ።

1ኛ፦ አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም። ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው፣ ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ ነው። የአሞርዛተር ሥራ ውዝዋዜውን ማቆም ነው፤ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ንዝረቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። «ኋላዋ ወርዷል፣ አሞርዛተር ቀይሩላት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሂሳብ ሳትከፍሉ ውጡ።

2ኛ፦ ከሁሉ በፊት የጎማ ነፋስ አስለኩ። ጎሚስታው ለሁሉም መኪና 45 ይሞላል፤ ባዶ ለሆነችም፣ ለተጫነችም፣ ለፊትም፣ ለኋላም። ፋብሪካው ለባዶና ለጭነት የተለያየ ልክ ጽፎ በሩ አካባቢ ለጥፎላችኋል። ባዶ ፒካፕ ላይ የጭነት ልክ ሞልቶ ወገቤን አመመኝ ማለት ነውር ነው። ይህን ማስተካከል ዋጋው ባዶ ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል ማንም የማይመክረው።

3ኛ፦ ባሌስትራ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የተቃጠልኩት በዚህ ነው።

«ጠንካራ ይሁንልኝ» ትላላችሁ። ባሌስትራን በተመለከተ የሚጠየቀው ግን ስንት ኪሎ ሲጫንበት ስንት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል የሚለው ነው። ቅጠሎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግትርነቱ ከቁጥራቸው ጋር ያድጋል፤ 4 የነበረውን 6 ካደረጋችሁት በግማሽ ጨመራችሁ። ውፍረት ላይ ሲሆን ይብሳል፤ ግትርነቱ የሚያድገው በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። 7 ሚሊ ሜትር የነበረ ቅጠል 8 ሲሆን ብቻውን 50 በመቶ ገደማ ይገተራል። 10 ሚሊ ሜትር ከሆነማ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ታዲያ ከጭነት መኪና ቅጠል ቆርጦ እዚያ ውስጥ የሚከት ሰው ይህን አስልቶ ነው? የት አስልቶ! በዓይኑ ነው የሚለካው።

መዘዙን በቁጥር ላሳያችሁ። ባሌስትራው ባዶዋን መኪና ተሸክሞ 10 ሳ.ሜ. ቢወርድ፣ አካሏ በሰከንድ 1.6 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ይህን ሰው ይችለዋል። 4 ሳ.ሜ. ብቻ ከወረደ ወደ 2.5 ይደርሳል፤ 2 ሳ.ሜ. ከሆነ 3.5። የተቀመጠ ሰው አካል ወደ ላይና ወደ ታች በሚመጣ ንዝረት ይበልጥ የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ባለው መካከል ነው። የጋሼ መኪና ወደዚያው እየተጠጋች ነው። አሞርዛተር ቢቀየር ባይቀየር ወገባቸው ማመሙን አይተውም።

ሰበቃም አለ። ቅጠሎቹ ሲታጠፉ እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ። ሲበዙና ሲዝጉ ይያያዛሉ፣ ትንንሽ ጉብታ ላይ ባሌስትራው ጨርሶ አይንቀሳቀስም፣ ንዝረቱን የሚውጠው ጎማው ብቻ ይሆናል። «ስታዲየም አካባቢ አስፋልት ላይ እንኳን ትንቀጠቀጣለች» የሚሉኝ ሰዎች ችግራቸው ይህ ነው። ኮሮኮንች ላይ ደግሞ ባዶው ካሶኒ ዘሎ ጎማው መሬት ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ፍሬንም አይዝም፣ ኩርባም አያዞርም። ስለዚህ የምቾትና የደኅንነት ጉዳይ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምትሉ ሰዎች፣ አንድ ነው።

«ታዲያ ጭነት ስጭንስ?» ጋሼም ይህንኑ ጠየቁኝ። 15 ኩንታል ጤፍ እንደሚጭኑ በኩራት ነገሩኝ። ፋብሪካው የፈቀደላት አንድ ቶን ገደማ ነው፣ ማለትም 10 ኩንታል አካባቢ። የተጨመረው ቅጠል ዲፈረንሻሉን አያጠነክርም፣ ኩሽኔታውን አያጠነክርም፣ ሻንሲውን አያጠነክርም፣ ፍሬኑንም አያሳድግም። ኋላዋ እንዳትወርድ ብቻ ያደርጋል፤ ኋላዋ መውረዱ ግን ከመጠን በላይ እንደጫናችሁ የሚነግራችሁ ብቸኛው ምልክት ነበር፣ እሱንም አጠፋችሁት።

ፋብሪካው ደደብ አይደለም። ከታች ያለው ወፍራምና ቀጥ ያለ ቅጠል ባዶ ስትሆኑ ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ነው፤ ጭነት ሲመጣ ላዮቹ ወርደው ያገኙትና መሸከም ይጀምራል። ይህን ቅጠል አጉብጦ ከላዮቹ ጋር ያጣበቀ ሰው መኪናዋን ሁልጊዜ የተጫነች አድርጎ ሠርቷታል። ባዶዋን እንደ ድንጋይ ጋሪ የምትሄደው ለዚህ ነው።

ስለ ማጎበጥ ካነሳን፣ የደከመ ቅጠል በኦክሲጅን እሳት አቅልቶ በመዶሻ ማጉበጥ የሚባል «ጥበብ» አለ። የባሌስትራ ብረት 850 ዲግሪ አካባቢ ተግሎ በዘይት ተነክሮ፣ ከዚያ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ድረስ እንደገና ሞቆ ነው ያንን መለጠጥ ያገኘው። መንገድ ዳር ያለ እሳት ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ሲወጣ ቆንጆ ጉብ ያለ ይመስላል፤ ሦስት ጭነት ሳይሞላው ተመልሶ ይተኛል ወይም ይሰነጠቃል። የሚጎበጥ ከሆነ በቀዝቃዛው፣ በፕሬስ፣ ቀስ ብሎ። ካልሆነ ከሶማሌ ተራ ከተመሳሳይ ሞዴል የወረደ ሙሉ ባሌስትራ ፈልጉ፤ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ፣ ግራውን ከአንድ ቀኙን ከሌላ መኪና አይደለም።

አሁን ወደ ሽቦው። የኋላ ፍሬን ቫልቩ ሻንሲው ላይ ነው ያለው፣ ክንዱ ደግሞ ከዲፈረንሻሉ ጋር የተያያዘ ነው። ጭነት ስትጭኑ ካሶኒው ወደ ታች ይወርዳል፣ ክንዱ ይገፋል፣ ቫልቩ ለኋላ ጎማዎች ብዙ ግፊት ይለቃል። ባዶ ስትሆኑ ግፊቱን ይቀንሳል፣ ቀላሉ ኋላ እንዳይቆለፍ። ሥራው ይህ ነው። ባሌስትራ ስትጨምሩ ካሶኒው ከፍ ይላል፤ ጭነት ቢጫንም በቂ አይወርድም። ቫልቩ «ባዶ ነች» ብሎ ያምናል። 15 ኩንታል ጭናችሁ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነው ቁልቁለት፣ አብዛኛው ሥራ የፊት ፍሬናችሁ ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

«ባለሙያው» የኋላ ፍሬኑ መድከሙን አይቷል። ግን ለምን ብሎ አልጠየቀም። ክንዱን ወደ ላይ ጎትቶ በሽቦ አሰረው። አሁን ቫልቩ ሁልጊዜ «ተጭናለች» ብሎ ያምናል። ጋሼ ባዶዋን በዝናብ ፍሬን ሲረግጡ ኋላው መጀመሪያ ይቆለፋል፤ የተቆለፈ የኋላ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። እሳቸው ያሉት ምልክት በትክክል ይህ ነው። አሞርዛተሩ ምን አደረገ?

እና ይህች መኪና ቦሎ አላት! የዘንድሮ! መስታወቷ ላይ ተለጥፏል። ምርመራ ላይ ምን እንደሚታይ ታውቃላችሁ፤ የእሳት ማጥፊያ አለ? ሦስት ማዕዘን አለ? መብራት ይበራል? ስር ገብቶ ባሌስትራ የቆጠረ፣ የፍሬን ቫልቭ ክንድ በእጁ ያንቀሳቀሰ መርማሪ በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ አላየሁም። ፍሬን ቢለካም በባዶ መኪና ይለካል፤ በባዶ መኪና ላይ ደግሞ ጭነት ሲመጣ ቫልቩ የሚሠራውን ጥፋት ማየት አይቻልም። ከሙያ ማሠልጠኛ የሚወጡት ልጆችም ብልጦች ናቸው፣ ሲኦሲ አልፈው ነው የሚመጡት፤ ቫልቩን ግን በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። በጣም ያናደደኝ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ላይ ማንም ሳይጠየቅበት ማለፉ ነው።

መኪናው ደግሞ የሚጣል ዓይነት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ አዲስ ፒካፕ የቤት ዋጋ ነው። ያላችሁን አሮጌ ጠብቁት፤ ግን በትክክል ጠብቁት።

እሺ፣ ቁጥሩ ላይ እንመለስ። 4ኛ፦ ቶርሽን ባር። ኤል ኤን 106 ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ናት፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣችው ቪጎ ከፊት ሞላ ናት፣ ከኋላ አሁንም ባሌስትራ። በፊት እግራቸው ቶርሽን ባር ያላቸው ሞዴሎች ላይ ግን «ባሩን አጥብቅልኝ፣ ይጠንክር» የሚባል ነገር አለ። የማስተካከያውን ቡሎን ማጥበቅ ባሩን አያጠነክረውም፤ ግትርነቱ ከውፍረቱና ከርዝመቱ ነው የሚመጣው። ከፍ ብቻ ያደርጋታል። ከፍ ሲል ክንዱ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ያልቃል፣ ጉድጓድ ስትገቡ ላዩ ክንድ መመለሻ ጎማው ላይ ይመታል። «ጠነከረች» የምትሉት ያ ምት ነው። አሰላለፉም ስለሚዛባ ጎማ ይበላል።

ናፍታ! እባካችሁ ላቫጆ ቤት ስር ናፍታና የተቃጠለ ዘይት አታስረጩ። ባሌስትራው ጩኸት ሊያቆም ይችላል፤ ቦኮላው ግን ላስቲክ ነው፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይቦጨቃል። ከዚያ ዲፈረንሻሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይንቀሳቀሳል፣ እናንተ ደግሞ «መሪዋ ይጎትታል» ትላላችሁ።

አዲስ ቦኮላ ሲገባ ቡሎኑ መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ እያለ አይጠበቅም። ጎማው መሬት ይንካ፣ ካሶኒውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አድርጉ፣ ከዚያ ይጠበቅ። በአየር ላይ የጠበቀ ላስቲክ ቀን ከሌት ተጠማዝዞ ነው የሚኖረው፣ ዕድሜው ወራት ነው።

መሪ ላይ ጨዋታ ሲበዛ የመሪ ሳጥኑን ቡሎን ማጥበቅ፣ ይህም ሌላ በሽታ። ሳጥኑ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው። መሃሉ እስኪጠብቅ ካጠበቃችሁት ጥግ ጥጉ ላይ ይያዛል፣ ኩርባ ላይ መሪው አይመለስም። መጀመሪያ ቴስቲናዎቹን ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ጨዋታው እዚያ ነው።

አሞርዛተር መቀየር ያለበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፎርጂዱ በዝቷል፣ ካርቶኑን አትመኑ። በእጅ ግፉት፣ ሳቡት፤ ጤነኛ ከሆነ ሲሳብ ከሚገፋው ይበልጥ ይከብዳል። ሁለቱም እኩል ከቀለለ ወይም መሃል ላይ ባዶ የሚሆንበት ቦታ ካለ መልሱለት። ጋዝ የሌለው ከሆነ ከመግጠማችሁ በፊት አቁማችሁ ደጋግማችሁ ሳቡት፣ አየሩ ይውጣ።

የጋሼን መኪና ምን አደረግኩ? የተጨመሩትን ቅጠሎች አወጣሁ። የቀሩትን ፈታሁ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረግኩ፣ ስንጥቅ ፈለግኩ፣ የሚነካኩበትን ጫፍ በግራፋይት ግራሶ ቀባሁ። ቦኮላና ዩ ቦልት አዲስ። ሽቦው ተቆረጠ፣ የቫልቩ ክንድ በባዶ ልክ ተስተካከለ። አሞርዛተሩ ደህና ነበር፤ አልቀየርኩትም። ጭነት ላይ 10 ኩንታል እንዳያልፉ ነገርኳቸው፤ ተከራክረውኛል፣ አልተስማማንም። ዩ ቦልቱ ግን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና መጠበቅ ስላለበት ይመለሳሉ፣ ያኔ እንቀጥላለን።

በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ «ትጠነክራለች ወይ፣ ትለሰልሳለች ወይ» አትበሉኝ። መኪናዋን ባዶ አድርጋችሁ ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ ነፋስ በልኩ ይሞላ፣ ከዚያ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ለአራቱም ጎማ በሜትር ለክታችሁ ላኩልኝ። የባሌስትራ ቅጠሎቹን ቁጥርና ውፍረት ጨምሩበት። የፍሬን ቫልቩን ክንድ ፎቶም አትርሱ።