ከቀለም የተሰወረ፤ በጎንደር መንግሥት መዳከሚያ ዘመን የንጉሣውያን ቤት ምስጢር

የጎንደርን ነገሥታት ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባው፣ የዜና መዋዕሉ ጸሓፊ በዙፋኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጽፍ፣ ቀለቡም ርስቱም ከንጉሡ እጅ የሚወጣለት ሰው እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ ዘመቻውን፣ ሹም ሽሩን፣ የካህናቱን ጉባኤ ቀን በቀን እየለየ ሲተርክ፣ በእልፍኝ የተደረገውን ግን ወይ በዝምታ ያልፈዋል፣ ወይም ሁሉን በፈቃደ እግዚአብሔር ጠቅልሎ ይዘጋዋል። እልፍኙ የደበቀውን ግን አደባባዩ ያወራው ነበር፤ የዚህ ቤተ መንግሥት ምስጢር ከቀለም እንጂ ከጆሮ የተሰወረ አልነበረም።

የቤቱ ቁስል የቆየ ነው። ታላቁ ኢያሱ የሚወዳት ሴት ሞታበት፣ ኀዘኑ ጸንቶ ወደ ጣና ደሴት ገለል ባለ ጊዜ፣ ከእርሱ የወለደችው መለኮታዊት ልጇን ተክለ ሃይማኖትን አነገሠች፤ ወንድሞቿም በ1699 ዓ.ም. አባቱን ገደሉት። ልጁም ሁለት ዓመት ያህል ነግሦ በሰው እጅ ጠፋ፤ ከእርሱ በኋላ ዙፋኑን የያዘው የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ መለኮታዊትን በስቅላት ቀጣት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አባት ልጁን፣ ወንድም ወንድሙን ሳይጠረጥር ያደረበት ሌሊት የነበረ አይመስለኝም። የነጋሢ ልጆች በወህኒ አምባ ታጉረው የሚኖሩትም በዚሁ ጥርጣሬ ነበር። አካሉ የጎደለ አይነግሥም የሚል ልማድ ስለ ነበረ፣ ከአምባው አምልጦ የተያዘውን ልዑል አካሉን ማጉደል ከዙፋን ማራቂያ ዘዴ ሆነ፤ በካፋ በዚህ ምክንያት ከአፍንጫው ተቆርጦ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን ነገሠ።

ይህ በካፋ ራሱ ምስጢርን የመንግሥት መሣሪያ ያደረገ ሰው ነው። ልብሱን ለውጦ በአገሩ ይዞር ነበር፤ አንድ ጊዜም ሞትኩ አሰኝቶ፣ በሞቱ ማን እንደሚደሰት ካየ በኋላ ብቅ ብሎ ቀጣ እየተባለ ይተረካል። በ1723 ዓ.ም. በእውነት በሞተ ጊዜ ሚስቱ እቴጌ ምንትዋብና የቋራ ዘመዶቿ ሕፃኑ ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ እስኪነግሥ ድረስ ሞቱን ሸሸጉት፤ ሰው ጠርጥሮ እንኳ ቢሆን፣ ከዚያ ቀደም ተታሎ ነበርና አፉን ለመክፈት ሳይፈራ አልቀረም።

ምንትዋብ በዙፋኑ አጠገብ ዘውድ ደፍታ፣ ወንድሟን ወልደ ልዑልን ራስ አድርጋ፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን አሠርታ ስትገዛ ገና ወጣት ነበረች። ከንጉሣውያኑ ወገን ከሆነው፣ የባሏ የእኅት ልጅ ከሚባለው ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ኖረች፤ ሕዝቡም ምልማል ኢያሱ እያለ አላገጠበት። የእቴጌይቱ ፍቅር ከመነገር ተርፎ ቢሆን ኖሮ እንደ ብዙ ፍቅር በሞት ይረሳ ነበር፤ ዳሩ ግን ሦስት ሴቶች ልጆች፣ አስቴርን፣ ወለተ እስራኤልንና አልጣሽን፣ ወለደ፤ ልጅ ደግሞ ይዳራል እንጂ አይደበቅም። ንጉሡ ልጇ በእናቱ ጉዳይ ቂም ይዞ ኖሮ ሰውዬውን በጣና አጠገብ ከገደል አስወረወረው ይባላል። ንጉሡም በ1747 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ፣ የምልማል ኢያሱ እኅት የወንድሟን ደም በመርዝ ተበቀለች የሚል ወሬ ተነዛ። መርዙ እውነት ይሁን ሐሰት፣ ወሬው መታመኑ ብቻ የቤቱን ሁኔታ ያሳያል።

ነገሩ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። የዳግማዊ ኢያሱ ልጅ ኢዮአስ ሲነግሥ፣ የኦሮሞ ተወላጅ የሆነችው እናቱ ውቢት ወገኖቿን ወደ ቤተ መንግሥት አስገባች፤ አማትና ምራት በአንድ ሕፃን ስም ሁለት መንግሥት አቆሙ። የቤጌምድሩ ገዥ ማርያም ባርያው የአስቴር ባል ነበር። የንጉሡ አጎት ብርሌ በእርሱ ሹመት ላይ ተሾሞ መጥቶ በጦርነቱ ወደቀ፤ ማርያም ባርያውም በብርሌ ደም ተገደለ። አስቴር ባሏን ያጣችው በወንድሟ ልጅ ወገኖች እጅ ነውና፣ የትግራይን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን አገባች፤ በእርሱ ትእዛዝ በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስ ታንቆ ሞተ። የሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ አስቀድሞ እኅቷን አልጣሽን አግብቶ ነበር፤ አባትና ልጅ እኅትማማቾችን ማግባታቸው ፍትሐ ነገሥትን ለሚያውቅ ካህን ምን ያህል አስጨናቂ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። የዘመነ መሳፍንት መባቻ የሚባለው የኢዮአስ ሞት፣ በአንድ በኩል ሲታይ፣ የምልማል ኢያሱ ቤት የሚፈልገው ደም ሆኖ ይገኛል። ሚካኤል ከኢዮአስ በኋላ ያነገሠው ሽማግሌው ዮሐንስ፣ የበካፋ ወንድም፣ እጁ የተቆረጠ ነበር፤ ወር ሳይበዛ በመርዝ ሞተ ይባላል።

ይህን የሚነግሩን ምንጮች እኩል አይደሉም። ዜና መዋዕሉ ቀደም ብለን እንደ ተናገርነው ነው። የቁስቋም የምድር መዝገብ ርስት የተቀበሉትንና ምስክሮቹን ሲዘረዝር፣ ጸሓፊው ሳይወድ የዝምድናውን ክር ያሳያል፤ ስለዚህ ከሁሉ ይበልጥ የማምነው እርሱን ነው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አክሞ የእልፍኙ ሰው ሆነ፤ ወሬውንም ከእቴጌይቱና ከአስቴር አፍ ሰምቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 አሳተመው። ብሩስ ቀልቃላ ተራኪ ቢሆንም ሐሰተኛ ነው ብሎ ማለፍ ከባድ ነው፤ ጉድለቱ ከአንድ ወገን ብቻ መስማቱ ነው። ምንትዋብ የፖርቱጋል ደም አለኝ ትል ነበር ብሎ የጻፈውም ይኸው እንግዳ ነው፤ ለፈረንጅ እንግዳ የሚነገር የትውልድ ሐረግና ለአገሬው መኳንንት የሚቈጠረው አንድ እንደማይሆን አላሰበም ይሆናል። በአማትና በምራት ክርክር የተሸነፉት የውቢት ወገኖች ግን ነገሩን በእልፍኙ ቋንቋ የሚጽፍላቸው ጸሓፊ አልነበራቸውም፤ በጎንደር የኦሮሞ ቋንቋ ተሰማ እያለ እንደ ነውር የሚጠቅስባቸውም ያው በምንትዋብ ወገን የተያዘ ብዕር ነው።