ከዜሮ የሚቆጠር ረድፍ

በፕሮግራም አጻጻፍ አሬይ፣ በአማርኛም ድርድር የሚባለው፣ ዓይነታቸው አንድ የሆነ ዋጋዎች በአንድ ስም ሥር በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት አደረጃጀት ነው። በሚዛን አማን ዙሪያ የሚሠራ አንድ የቡና ማኅበር በየወሩ የሚረከበውን እሸት ቡና በኪሎ ለመመዝገብ ቢፈልግ፣ ለየወሩ የተለየ ስም ከማውጣት አንድ ድርድር ማወጅ ይበቃዋል። በሲ ቋንቋ ሲታወጅ የዋጋው ዓይነት፣ ስሙና የክፍሎቹ ብዛት በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ ስሙ «እሸት» ቢባል ብዛቱ በማዕዘን ቅንፍ ገብቶ እሸት[13] ይሆናል፤ 12 ብሎ ያወጀ ሰው የፈረንጁን መማሪያ መጽሐፍ እንዳለ ቀድቷልና ጳጉሜን ማደሪያ ያሳጣታል።

የመስከረም ክፍል ግን እሸት[0] ነው፤ ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ቁጥር ተራን ሳይሆን ከመነሻው ያለውን ርቀት ያመለክታልና። እያንዳንዱ ዋጋ 4 ባይት ቢይዝና ድርድሩ ከአድራሻ 1000 ቢነሣ፣ የኅዳር ኢንዴክስ 2 ስለሆነ ኮምፒዩተሩ መስከረምንና ጥቅምትን ሳይነካ በአንድ ማባዛትና በአንድ መደመር በቀጥታ 1008 ላይ ያገኘዋል። ጳጉሜ 12 ላይ ስለምትውል፣ በሥራ ላይ እሸት[13] ብሎ የሚጠራ ከወሰን ይወጣል፤ ጃቫና ፓይተን በዚህ ጊዜ ስሕተቱን አሳውቀው ሲያቆሙ፣ ሲ ግን የጎረቤትን ባይት ዝም ብሎ ሊያነብ ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ የቀረበው ድርድር የፊደል ገበታ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲቀበል፣ ለየቤተሰቡ 8 ቦታ ሰጥቶ፣ ሰባቱን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት፣ ስምንተኛውን በአብዛኛው እንደ ሏ ላሉት ዲቃላዎች መደበ። የሀ ኮድ 4608 ስለሆነ የመ ረድፍ (ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ከዜሮ ሲቆጠር 3 ላይ ነው) በ8 ተባዝቶ 24 ይሆናል፤ የራብዑ 3 ሲታከል ማ 4635 ላይ ይገኛል። አማን የሚለው ስም በኮምፒዩተሩ ዘንድ 4768፣ 4635፣ 4757 ነው።

ሆኖም መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ ድርድር አይለጠጥም። ለግዕዝ ፊደል የተሰጠው የዩኒኮድ ክፍል 4991 ላይ ያበቃል፣ ከ5024 ጀምሮም የቼሮኪ ፊደል ሰፍሯል፤ ስለዚህ ከሚዛን አማን በስተደቡብ ለሚነገረው ለሜኤን ቋንቋ ከሚያስፈልጉት ተጨማሪ ሆሄያት አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲመጡ ከቤተሰቦቻቸው ረድፍ ሊገቡ ባለመቻላቸው፣ ከ11648 በሚጀምር ሌላ ክፍል ተቀመጡ፤ በ8 የማባዛቱ ስሌትም ከሀ ተነሥቶ አይደርስባቸውም።