ዓይብ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ከጾም ቀን በቀር ዓይብ ከማዕዱ የማይጠፋበት ቤት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ዓይብ ከምን ተነሥቶ በምን መንገድ ዓይብ እንደሚሆን ብንጠየቅ፥ ብዙዎቻችን የከተማ ልጆች «ከወተት» ብለን ከዚያ ወዲያ ዝም እንላለን። በኬሚስትሪ ክፍል ስለ አሲድና ስለ ፕሮቲን የምንማረው ነገር በየቤታችን ምድጃ ላይ በየሳምንቱ የሚፈጸም ስለ ሆነ፥ ጥቂት ለማብራራት ወደድሁ። ከዚህም ሌላ ጤናን የሚመለከት አንድ ቁም ነገር ስላለበት ወላጆችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

በመጀመሪያ ወተቱ የሚጠራቀምበት ዕቃ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ቀጥሎም በወይራ እንጨት ጢስ ይታጠናል። ጢሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም። በዕቃው ግድግዳ ላይ የሚቀሩትን ተሐዋስያን ስለሚያዳክም ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። እናቶቻችን ይህን የሚያውቁት ማንም መጽሐፍ ሳይነግራቸው ነው።

የታለበው ወተት ሁለት ሦስት ቀን ሲቀመጥ እርጎ ይሆናል። በወተት ውስጥ ላክቶዝ የሚባል ስኳር አለ፤ ባክቴሪያዎች ይህን ስኳር እየበሉ ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። መኮምጠጡ ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያም እርጎው በቅል ወይም በሸክላ መናጫ ይገፋል፤ ቅቤው በአናቱ ላይ ይንሳፈፋል፥ ከሥር የሚቀረውም አሬራ ይባላል። ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራ ተራ ነገር የሚመስለው ሰው ይኖራል። ዳሩ ግን የወተቱ ፕሮቲን አብዛኛው ያለው በዚሁ በአሬራው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የወተት ዋናው ፕሮቲን ኬዚን ይባላል። ወተቱ ትኩስ ሳለ የኬዚን ቅንጣቶች ሁሉ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ በፈሳሹ ውስጥ ተበትነው ይኖራሉ። አሲዱ ሲበዛና ፒኤቹ ወደ 4.6 ሲወርድ ግን ይህ ሙል ይጠፋል፤ ቅንጣቶቹም መገፋፋታቸውን ትተው ይያያዛሉ። አሬራው በእሳት ሲሞቅ ይህ መያያዝ ይፈጥናል፤ ውሃው እየተጨመቀ ይወጣል፥ ነጩ ዓይብም ከአጓቱ ተለይቶ ይሰበሰባል። በሌላ አገር ዓይብ ለማርጋት ከጥጃ ጨጓራ የሚገኝ ሬኔት የሚባል ነገር ይጨምራሉ። የእኛ ዓይብ በራሱ አሲድና በሙቀት ብቻ ስለሚረጋ ይህን አይፈልግም።

የአሠራሩ ጥበብ ሁሉ ያለው በእሳቱ ላይ ነው። አያቴ ድስቱን በለዘብተኛ ፍም ላይ ይጥዱና ማንም እንዲያማስለው አይፈቅዱም። «እሳት የበዛበት ዓይብ አሸዋ ይሆናል» ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ፕሮቲኑ አጥብቆ ይኮማተርና ውሃውን ሁሉ ይተፋል፥ ዓይቡም ደረቅና ሻካራ ይሆናል። ሲማሰልም የረጋው ይሰባበርና ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል። ዓይብ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በደኅና ይረጋል። ብዙ ሰው ግን እጅ ለብ ሲል መርጋቱን አይቶ ወዲያው ከእሳት ያወርደዋል።

ጤናን የሚመለከት ያልሁት ነገር ይህ ነው። ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታና የከብት ነቀርሳ ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። ብሩሴሎሲስ የያዘው ሰው ትኩሳቱ እየሄደ ይመለስበታል፥ መገጣጠሚያውን ያመዋል፥ ያልበዋል፤ ብዙ ጊዜም ወባ ነው እየተባለ ወራት ያልፋል። መኮምጠጥ ብቻውን እነዚህን ተሐዋስያን ፈጽሞ አያጠፋም፤ እጅ ለብ የሚል ሙቀትም አይገድላቸውም። ወተትን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ማቆየት ግን ይገድላቸዋል። ይህም የፓስተር ስም የተሰጠው ዘዴ ነው። 63 ከ70 በታች ስለ ሆነ፥ አያቴ የሚፈሩት አሸዋ ሳይመጣ ዓይቡም ይረጋል፥ ተሐዋስያኑም ይሞታሉ። አያቴ ይህን ሰምተው «እንግዲህ ፍሙን ሳላበዛ ግማሽ ሰዓት ልጠብቅ ማለትህ ነው» አሉኝ። አዎን፥ ነገሩ ይኸው ነው። ለወጥ ቤት የተሠራ ቴርሞሜትር ማግኘት ይበጃል። የላቦራቶሪውን ቴርሞሜትር ደብቆ ወደ ቤት የመውሰድ ሐሳብ የመጣለት ጓደኛ ካለ ግን ይተወው፤ ቢሰበር በውስጡ ያለው ሜርኩሪ መርዝ ነው።

ካልፈላ ወተት የወጣው ቅቤም እንዲሁ ነው፤ ሲነጠር ስለሚፈላ ይጸዳል፥ ለጋውን መብላት ግን ያው አደጋ አለበት።

ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ ዓይብ ይገኛል። ከዚህም ውስጥ ከሦስት አራተኛው በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ ቶሎ ይበላሻል፤ በማቀዝቀዣም ቢሆን ብዙ ቀን ማቆየት አይገባም።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ፈረንጆች የሻገተ ዓይብ በውድ ዋጋ ይበላሉ፤ እኛ ለምን እንጥላለን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም መልስ ይገባዋል። በደቡብ ፈረንሳይ ሮክፎር በሚባል መንደር ከበግ ወተት የሚሠራ ዓይብ አለ። በውስጡ ሰማያዊ ደም ሥር የሚመስል ሻጋታ ይታያል። ይህ ሻጋታ ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ የሚባል ተመርጦ የሚዘራ ዘር ነው፤ አየር እንዲያገኝም ዓይቡን በረጃጅም መርፌ ይበሱታል። ከዚያም በቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ ያበስሉታል፤ ለገበያ የሚወጣውም ቢያንስ 90 ቀን ሲሞላው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ዓይብ ከኮምጣጣ ክሬም ጋር ደቁሰው የተጠበሰ የዶሮ ክንፍና አትክልት እያጠቀሱ ይበሉበታል። በቤታችን ዓይብ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ግን ማንም ያልመረጠው፥ ከነፋስ የመጣ ነው፤ መርዝ የሚያወጣም ሊሆን ይችላል። ዓይባችን ለስላሳና ውሃ የበዛበት ስለ ሆነ የሻጋታው ክር ዓይን ከሚያየው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ላዩን ፍቆ የቀረውን መብላት አይበቃም፤ ሁሉንም መጣል ነው።

ነገር ግን አብስሎ ማቆየትን እኛም እናውቅበታለን። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ መታታ ዓይብ የሚባል አለ። ውሃው በሚገባ ከተጠለለ በኋላ ቅመም ተጨምሮበት ሳምንታት ያህል እንዲብላላ ይደረጋል፤ ረጅም ጊዜም ይቆያል። ይህ ዓይብ ከሮክፎር ያነሰ ዝና ሊኖረው የሚገባ አይመስለኝም።

አሁን ዓይቡን እያጠቀሱ ለመብላት የሚመች አድርጎ ማሰናዳቱ ይቀራል። የረጋውን ዓይብ ሳይበርድ፥ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ላይ አፍስሶ ማንጠልጠል ነው። አጓቱን አትድፉት፤ ይፈለጋል። ግማሽ ኪሎ ያህል ዓይብ በእንጨት ማንኪያ ደኅና አድርጎ መደቆስ፥ ከአጓቱ ሁለት ሦስት ማንኪያ እያከሉ እንደ ቅባት እስኪለሰልስ ማሸት። እርጎ የሚጨምሩ አሉ፤ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ከሆነ ግን የግማሽ ሰዓቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ከዚያ አንድ ትልቅ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ለብ አድርጎ፥ ጨው፥ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ፥ ደቅቆ የተከተፈ ቃሪያና አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት መጨመር ነው። ኮሰረት የሚወድም ይጨምር፤ ሲበዛ ግን ያመራል። ከትኩስ ዳቦ ወይም ከቆጮ ጋር ይቀርባል፤ ረዘም ረዘም ተደርጎ የተቆረጠ ካሮትም ይስማማዋል። ቅቤው ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋና ዓይቡን ስለሚያጓጉለው፥ ወዲያው እንደ ተሠራ መብላት ነው።