በፎገራ ሜዳ አብሮ ለማገልገል፦ የትብብር ስምምነት ለምን ይጻፋል?

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት፣ በወረታ ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ ገበሬዎች አዝመራቸውን ያጣሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ለዚህ አንዱ ማሳያ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ሰበካ ጉባኤያት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ተባብረው ለመርዳት ይነሣሉ። «ቅን ልብ ካለ ጽሑፍ ምን ያደርጋል?» የሚለው አሳብም አብሮ ይነሣል። እኛ ግን ጽሑፉ የፍቅር ጠባቂ እንጂ የጥርጣሬ ምልክት አይደለም እንላለን።

ነቢዩ ኤርምያስ የዓናቶትን እርሻ ከአጎቱ ልጅ ሲገዛ ብሩን በምስክሮች ፊት መዝኖ ከፈለ፤ ውሉንም ጽፎ አተመ፤ ለብዙ ዘመን እንዲጠበቅም በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ አደረገ (ኤር. 32)። በጎንደር ዘመን የነበሩ አባቶቻችንም የመሬት ስጦታንና ሽያጭን ከነምስክሮቹ ስም በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ላይ ያጽፉ ነበር። ሰው ቢያልፍም ጽሑፉ ይመሰክራልና።

ለምሳሌ፣ አንዱ ማኅበር የሩዝ ዘር ሊገዛ፣ ሌላው ተጎጂዎችን መዝግቦ ሊያድል በቃል ተስማሙ እንበል። ዘሩን ከመጋዘን እስከ ቀበሌ የሚያጓጉዘው ማን እንደ ሆነ ካልተወሰነ፣ ሁለቱ ሲጠባበቁ የዘር ወቅት ያልፋል። ጉዳቱም የሚደርሰው በገበሬው ጓዳ ላይ ነው።

ስለዚህ ስምምነቱ ቢያንስ አምስት ነገሮችን ይያዝ፦

1. የተስማሚዎቹን ሙሉ ስም፣ ሕጋዊ ሰውነትና የፈራሚዎቹን ሥልጣን፤
2. ዓላማውን፣ ቦታውንና ተረጂዎች የሚመረጡበትን መመዘኛ፤
3. የእያንዳንዱን ድርሻ ከነጊዜ ገደቡ፤
4. ገንዘቡ በማን ሒሳብና በእነማን ፊርማ እንደሚወጣ፣ ሪፖርቱና ኦዲቱ መቼ እንደሚቀርብ፤
5. አለመግባባት ቢነሣ የሚታይበትን መንገድ፣ ሥራው ሲያበቃ የተረፈው ንብረት የሚሰጥበትን ወገን።

በገንዘቡ ረገድ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ስለዚህ የመጓጓዣውን፣ የደመወዙንና የጽሕፈት ቤቱን ወጪ የትኛው ወገን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መጻፍ ይገባል።

ስምምነቱ ሁሉም በሚረዳው አማርኛ ተጽፎ በጉባኤ ይነበብ፤ ክረምት ሳይገባ ይፈረም፤ ለእያንዳንዱ ወገንም አንድ አንድ ቅጂ ይድረስ። አገልጋዮች ቢቀየሩ እንኳ ተተኪው ወረቀቱን አንብቦ ሥራውን ይቀጥላል፤ ለተቸገረው የታሰበውም በጊዜው ይደርሳል።