ማጥፋትና ማዳፈን፤ ስልክ ኃይሉን እንዴት ይቆጥባል?

ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ በደምቢያ ሜዳ ላይ የምትገኘው የቆላ ድባ ከተማ ለአካባቢዋ ገበሬ የገበያና የአስተዳደር ማዕከል ናት። የኤሌክትሪክ መስመር ካልደረሰበት መንደር ተነሥቶ ወደ ከተማ የሚመጣ ሰው ከሚፈጽማቸው ጉዳዮች አንዱ የእጅ ስልኩን ባትሪ ማስሞላት ነው። ስልኩን ከአንድ ሱቅ ይተዋል፤ ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ የተሞላውን ስልክ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ያቀናል። ታዲያ ይህ ባትሪ እስከሚቀጥለው ገበያ ይዘልቅ ይሆን? ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ብትኖር አምቡላንስ የሚጠራው በዚሁ ስልክ ነውና ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

ብዙ ሰዎች የባትሪው ቆይታ በባትሪው ትልቅነት ብቻ የሚወሰን ይመስላቸዋል። ትልቅነቱ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ከባትሪው ማን እንደሚቀዳና መቼ እንደሚቀዳ የሚቆጣጠር ፕሮግራም በስልኩ ውስጥ አለ፤ የእርሱም ድርሻ ቀላል አይደለም። ዘመናዊ ስልክ ከውጭ ሲያዩት አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ በውስጡ በርካታ መሣሪያዎች ታጭቀውበታል፤ ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያ፣ በጣት የሚነካው ስክሪን፣ የዋይፋይና የብሉቱዝ ሬዲዮ፣ ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ያለንበትን ቦታ የሚያሰላ ጂፒኤስ፣ እንዲሁም ከኔትወርክ ማማ ጋር የሚነጋገር ሞደም። ከእነዚህ እያንዳንዱ ምንም ሥራ ባይሠራ እንኳ ነቅቶ በመጠበቁ ብቻ ከባትሪው ይጠጣል። (ቁልፍ ያለው ቀላሉ ስልክ ለብዙ ቀን የሚቆየው አንዱም ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚጠጡበት አፎች ጥቂት ናቸው።)

እነዚህን መሣሪያዎች የሚያስተዳድረው የሥርዓተ ክወናው እምብርት ከርነል ይባላል። አንድሮይድ የሚባለው የስልክ ሥርዓት የቆመው ሊኑክስ በተሰኘው ከርነል ላይ ሲሆን፣ ሊኑክስን መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 የፊንላንድ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ከርነሉ እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያዝዘው ድራይቨር በሚባል አነስተኛ ፕሮግራም አማካይነት ነው። የካሜራው ድራይቨር የካሜራውን ጠባይ ያውቃል፤ የሞደሙም የሞደሙን።

ስልክ የሚያርፍባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ስልኩን ኪሳችሁ ስትከቱት ስክሪኑ ይጨልማል፤ ጥቂት ቆይቶም መላው ሥርዓት ባንድነት ይተኛል። ሁለተኛው ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ስልኩ በሥራ ላይ እያለ፣ ለምሳሌ መጽሐፍ እያነበባችሁበት፣ ካሜራው ሥራ ስለሌለው ለብቻው ይተኛል፤ ድምፅ ማጉያውም እንደዚሁ፤ ስክሪኑ ግን ነቅቶ ያገለግላችኋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ሁለተኛውን፣ ማለትም በሥራ መካከል የሚደረገውን ቁጠባ ነው።

በቅድሚያ «መተኛት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንረዳ። በባላገር ቤት እራት ከተበላ በኋላ ምድጃው ላይ ውኃ አይደፋም፤ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል። በማግሥቱ ማለዳ እናት አመዱን ገለጥ አድርጋ እፍ ስትልበት እሳቱ ይያያዛል፤ ክብሪት መፈለግ፣ ጎረቤት ዘንድ እሳት ልትጭር መሄድ አያስፈልጋትም። ልብ በሉ፤ «አጠፋ» የሚለው ግሥ የነገሩን ማብቃት ሲገልጽ «ዳፈነ» ግን በውስጡ እንደገና መነሣትን ያዘለ ነው። ከርነሉም አንድን መሣሪያ ሲያስተኛ የሚያደርገው መዳፈን ነው። ድራይቨሩ መሣሪያው የነበረበትን ሁኔታ ይመዘግባል፤ የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ ይቀንሳል ወይም ያቋርጣል፤ ሲፈለግም የመዘገበውን መልሶ ሰጥቶ ካቆመበት ያስቀጥለዋል።

መሣሪያው ሥራ ፈት መሆኑ በምን ይታወቃል? በቆጠራ ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ከርነሉ አንድ ቁጥር ይይዝለታል። ነገሩን ቀለል አድርገን ለማየት ያህል ጂፒኤሱን እንውሰድ። የካርታ ፕሮግራም ሲጠይቀው ቁጥሩ ከ0 ወደ 1 ይወጣል፤ መሣሪያውም ይነቃል። በዚህ መካከል ሌላ ፕሮግራም ቢጠይቅ ቁጥሩ 2 ይሆናል። ካርታው ሲዘጋ ወደ 1 ይመለሳል፤ ሁለተኛው ጠያቂ ገና አልጨረሰምና መሣሪያው አይተኛም። እርሱም ሲጨርስ ቁጥሩ 0 ይሆናል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ለመተኛት ብቁ ሆነ ይባላል። ከክፍል መጨረሻ የሚወጣው ሰው መብራት ያጥፋ እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ 0 እንደሆነ ወዲያውኑ ማስተኛት ሁልጊዜ ብልህነት አይሆንም። ቡና የምታፈላ ሴት አቦሉን ቀድታ ስታበቃ እሳቱን ብትዳፍን፣ ለቶናው እንደገና ብታያይዝ፣ ለበረካውም እንዲሁ ብታደርግ፣ ከቆጠበችው ይልቅ የደከመችው ይበልጣል፤ እንግዶቿም ይሰለቻሉ። መሣሪያን ማስተኛትም ሆነ ማንቃት ራሱ ጊዜና ኃይል ይፈጃል። ስለዚህ ከርነሉ ትንሽ ይታገሣል፤ በዚያች የትዕግሥት ጊዜ ውስጥ አዲስ ጥያቄ ካልመጣ ብቻ ያስተኛል። በዩኤስቢ ከሚያያዙ መሣሪያዎች መካከል እንዲተኙ የተፈቀደላቸውን ሊኑክስ የሚታገሣቸው፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ 2 ሴኮንድ ነው። ጊዜው ሲረዝም ባትሪ ይባክናል፤ ሲያጥር ደግሞ ስልኩ በነካኩት ቁጥር ይንቀራፈፋል። ለሁሉም መሣሪያ የሚስማማ አንድ ልክ የለም፤ ልኩን መምረጥ የድራይቨሩ ጸሐፊ ፈንታ ነው።

መሣሪያዎቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። በመገጭ ወንዝ ዳር የሚያለማ ገበሬ ዋናውን ቦይ ዘግቶ ቅርንጫፉ እንዲፈስለት አይጠብቅም። በከርነሉም ዘንድ መሣሪያዎች በወላጅና በልጅ ተራ ይደረደራሉ። ልጅየው ነቅቶ ሳለ ወላጁ አይተኛም፤ ልጅየውን ለማንቃትም አስቀድሞ ወላጁ መንቃት አለበት። ከዚህም የተነሣ አንዲት ያልተኛች ትንሽ መሣሪያ ከበላይዋ ያለውን መስመር በሙሉ ነቅቶ እንዲያድር ልታስገድደው ትችላለች።

እ.ኤ.አ. ከ2009 በፊት በሊኑክስ ውስጥ ለዚህ ሁሉ አንድ ወጥ ሥርዓት አልነበረም። ዩኤስቢ የራሱን ዘዴ ይከተል ነበር፤ ሌላውም በፊናው። በዚያ ዓመት ራፋኤል ዊሶትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ የከርነል ሠሪ ያዘጋጀው የጋራ ሥርዓት 2.6.32 በሚል ቁጥር በወጣው ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው፣ ትዕግሥቱና የወላጅና የልጅ ተራው ለሁሉም አንድ ሆነ።

ሥርዓቱ የሚሠራው ግን የወሰደ ሁሉ ሲመልስ ነው፤ ዋናውም ችግር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በከርነሉ ውስጥ «መሣሪያውን አንቃና ቁጥሩን ጨምር» የሚል አንድ ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ መጀመሪያ ቁጥሩን ይጨምራል፤ ከዚያም ለማንቃት ይሞክራል። ማንቃቱ ቢሰናከልም እንኳ የጨመረውን ቁጥር አይቀንስም። ብዙ የድራይቨር ጸሐፊዎች «ማንቃቱ ካልተሳካ ቁጥሩም አልተጨመረም» ብለው ስለገመቱ፣ ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ ሳይቀንሱ ይመለሱ ነበር። በዚህ ዓይነት ቁጥሩ በማይገኝ ተጠቃሚ ስም ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ዳግመኛ 0 ስለማይሆን መሣሪያው ቢነቃ በዚያ መንገድ ተመልሶ አይተኛም። የስልኩ ባለቤት የሚያየው የባትሪውን ማለቅ እንጂ ምክንያቱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን የመሰሉ ስሕተቶች በብዙ ድራይቨሮች ውስጥ ታረሙ፤ ማንቃቱ ሲሰናከል ቁጥሩን ራሱ የሚመልስ አዲስ ትእዛዝም ተጨመረ። አሮጌው ትእዛዝ ግን አልተሻረም፤ በእርሱ ልማድ የተጻፉ ድራይቨሮች እጅግ ብዙ ነበሩና።

የተገላቢጦሹ ስሕተትም አለ። አንድ ድራይቨር አንድ ጊዜ ወስዶ ሁለት ጊዜ ቢመልስ፣ ሌላው ገና እየሠራበት ያለ መሣሪያ ተኝቶ ይገኛል። ይህኛው ስሕተት ሥራው በድንገት ስለሚቋረጥ ቶሎ ይጋለጣል። የመጀመሪያው ግን ድምፅ የለውም፤ ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሞደሙ ልዩ ነው። ፈጽሞ እንዳይተኛ ቢደረግ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ፈጽሞ ቢተኛ ደግሞ የሚደውልላችሁ ሰው አያገኛችሁም። ስለዚህ ሞደሙ ከኔትወርኩ ጋር በተስማማበት ሰዓት፣ አንዳንዴ ከሴኮንድ ባነሰ፣ አንዳንዴም በጥቂት ሴኮንድ ልዩነት፣ ለቅጽበት ነቅቶ «የጠራኝ አለ?» ብሎ ያዳምጣል፤ ከሌለም ይተኛል። ጥሪ ሲኖር ከርነሉን ቀስቅሶ ስልኩ እንዲጮህ ያደርጋል። ማማው ርቆ ምልክቱ ሲደክም ግን ሞደሙ አጥብቆ መፈለግና በኃይል መጮህ ግድ ስለሚሆንበት እንቅልፉ ያጥራል። ምልክት በማይደርስበት ቆላ ስልኩ ሳይነካ ውሎ ባትሪው ጎድሎ መገኘቱ ከዚህ የመጣ ነው።

አንዳንዶች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ፕሮግራሞችን ሁሉ በየደቂቃው ይዘጋሉ። በእኛ አስተያየት ይህ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ የተዘጋውን ፕሮግራም ከባዶ መክፈት ያን የቡናውን እሳት በየስኒው እንደ ማያያዝ ነው። ይልቅስ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የባትሪ ተጠቃሚዎችን ዝርዝር ክፈቱና ሳትጠቀሙበት ብዙ የፈጀውን ፕሮግራም ለዩ። ቦታችሁን የመጠየቅ ፈቃድ ይዞ ከሆነ ፈቃዱን ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ አድርጋችሁ ለውጡት። ፕሮግራሙን ትታችሁ ስትወጡ የያዘውን ይመልሳል፤ ሌላ ጠያቂ ከሌለም ቁጥሩ 0 ይሆናል፤ የትዕግሥቱ ጊዜ ሲያልፍ ጂፒኤሱ ይዳፈናል።