የተረፈ ቀለም እንደገና ለሥራ ሲውል

አንድ ቤት ተቀብቶ ሲያበቃ ከጣሳው ግርጌ ጥቂት ቀለም መቅረቱ የተለመደ ነው። ባለቤቱ ቀለሙን የሚገዛው ግድግዳውን ለክቶ ሳይሆን በግምት ነውና፣ ከሚጎድል ቢተርፍ ይመርጣል። ትራፊውም «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ተብሎ በዕቃ ቤት ጥግ ይቀመጣል፤ ዓመታት ሲያልፉ ክዳኑ ዝጎ፣ ቀለሙም ደርቆ ይገኛል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚያች አገር ከሚሸጠው የቤት ቀለም ከመቶ 10 እጅ ያህሉ ሳይቀባ እንደሚቀር ገምቷል። ይህ ትራፊ ወደ ቦይ ቢደፋ ወንዝን ይበክላል፤ ቢጣልም የወጣበት ገንዘብ አብሮ ይጣላል።

የተረፈን ቀለም መልሶ ለሥራ ማዋል የሚቻለው ግን ምንነቱ ሲታወቅ ነው። የቤት ቀለም በዋናነት ከሦስት ነገሮች ይሠራል፤ እነርሱም መልክ የሚሰጠው ደቃቅ ዱቄት፣ ዱቄቱን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው አያያዥና ሁለቱን አቅጥኖ ለብሩሽ የሚያመቻቸው ፈሳሽ ናቸው። በአገራችን ፕላስቲክ ቀለም እየተባለ በሚጠራው ዓይነት ፈሳሹ ውሃ ነው። ውሃው ሲተን በውስጡ የነበሩት ደቃቅ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ስስ ሽፋን ይሆናሉ። የዘይት ቀለም ግን በአኳራጅ የሚቀጥን ሲሆን፣ የሚጠነክረውም ከአየር ኦክስጅን ጋር በመዋሐድ ነው። ሁለቱ በአንድ ጣሳ ቢገናኙ ይቋጠራሉ እንጂ አይዋሐዱም። ስለዚህ እንደገና ለቅብ የሚዘጋጀው በአብዛኛው የውሃው ዓይነት ነው፤ የዘይቱ ትራፊ ብዙውን ጊዜ ለማገዶነት ይውላል።

ይህ ሥራ በስፋት ከተሠራባቸው ስፍራዎች አንዷ በአሜሪካ የምትገኘው የኦሬገን ክፍለ ግዛት ናት። በዋና ከተማዋ ሳይሆን በትልቋ ከተማ በፖርትላንድ፣ የአካባቢው መስተዳድር የተረፈ የውሃ ቀለም ከነዋሪዎች እየሰበሰበ እንደገና አዘጋጅቶ ለብዙ ዓመታት ሸጧል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ኦሬገን የቀለም አምራቾች ትራፊውን የማሰባሰብ ኃላፊነት እንዲወስዱ የሚያዝ ሕግ ከሁሉም ክፍለ ግዛቶች ቀድማ አወጣች። ወጪው የሚሸፈነው አዲስ ቀለም ሲሸጥ በዋጋው ላይ በሚታከል አነስተኛ ክፍያ ነው።

በእንዲህ ያለው ሥራ ከማሽኑ ይልቅ የሰው ዓይንና አፍንጫ ይቀድማሉ። ሠራተኛው ጣሳውን ከፍቶ ያያል፤ ያሸታል። ተዋሲያን የገቡበት ቀለም የበሰበሰ ሽታ ስላለው ወዲያው ይለያል፤ በብርድ ረግቶ የተቋጠረውም እንዲሁ ይወገዳል። ደኅናው በየመልኩ ተለይቶ በትልቅ በርሜል ይቀላቀላል፣ ይማሰላል፣ በወንፊት ይጠላል፣ እንዳይበላሽም መከላከያ ይጨመርበታል። ንጹሕ ነጭ ከዚህ በርሜል እምብዛም አይወጣም፤ ብዙ ቀለማት ሲደባለቁ ወደ አመድማና ቡናማ ያዘነብላሉና። ሙሽራ የምትገባበትን አዳራሽ እንደ ወተት ማንጻት የሚሻ ሰው አዲስ ቢገዛ ይሻለዋል። ለአጥር፣ ለመጋዘን፣ ለሱቅ የጓሮ ግድግዳ ወይም ለመማሪያ ክፍል ግን አመድማው ምን ጉድለት አለው?

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው የጣሳው ዕድሜ ነው። ቀድሞ ቀለም አምራቾች መልኩ እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ እርሳስ የተባለውን ማዕድን ይጨምሩ ነበር። (የጽሕፈት እርሳስ ስሙን ቢጋራም ውስጡ ካርቦን ነውና ከዚህ ጋር አይገናኝም።) ማዕድኑ ወደ ሕፃን ሰውነት ሲገባ አንጎልን ይጎዳል፤ ጉዳቱም ተመልሶ አይሽርም። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም እ.ኤ.አ. በ1978 ከልክላለች። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚህ የተነሣ ጽሑፉ የጠፋ ወይም ዘመኑ የማይታወቅ ጣሳ፣ በተለይም የቆየ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም፣ ሕፃናት በሚኖሩበት ቤት ከቶ መቀባት የለበትም። በእንዲህ ያለ ቀለም የተቀባ አሮጌ በርም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፤ አቧራው ከቀለሙ ይልቅ አደገኛ ነው።

ዘመኑና ዓይነቱ የታወቀ ትራፊ ያለው ሰው በቤቱም ቢሆን ሊያዘጋጀው ይችላል። በመጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ከማያብረቀርቀው፣ የውጭ ግድግዳ ቀለምን ከውስጡ ይለያል። ቀጥሎም በስስ ጨርቅ አጥልሎ በአንድ ባልዲ ያዋሕደዋል። ሁሉንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ላይ መቀላቀሉ ግድ ነው፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ የሚቀላቅል ሰው ሁለቱን መልክ ፈጽሞ ሊያመሳስል አይችልም። ሆቴል ወይም መጋዘን የሚያስቀባ ነጋዴም የተዘጋጀውን ቀለም ሲገዛ ለሥራው ሁሉ የሚበቃውን ከአንድ ቅልቅል ቢወስድ ይበጀዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ሜትር ካሬ ያህል ይሸፍናል። ወርዱ 4፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 12 ሜትር ካሬ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 24 ይሆናልና ሁለት ሊትር ተኩል ያስፈልገዋል። ቅልቅሉ አስቀድሞ በትንሽ ጣውላ ላይ ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ እርጥብ ቀለም ከደረቀው ይለያልና።

ከዚህም በኋላ የሚተርፈው ጭላጭ የውሃ ቀለም ከሆነ ከአሸዋ ወይም ከሰጋቱራ ጋር ተደባልቆ ክፍት ቦታ ላይ ከደረቀ በኋላ ይጣላል።